ለአራት የፊልም አገልግሎት በአንድ ቤት መክፈል፦ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይሰረዝ?

እመ ናሆም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ኅዳር 6 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር የወሩን ወጪ ስንመረምር ለፊልምና ለተከታታይ ድራማ የምንከፍለው ገንዘብ ቀስ በቀስ አድጎ አገኘነው። ማስታወቂያ የሌለው ኔትፍሊክስ 17.99 ዶላር፣ ዲዝኒ ፕላስ 18.99፣ ኤችቢኦ ማክስ 18.49፣ ፒኮክ 10.99። ሲደመር በወር 66 ዶላር ከ46 ሳንቲም ነው፤ ታክሱ ሳይታከል በዓመት ወደ 800 ዶላር ይጠጋል። አማዞን ፕራይምን አላስገባሁትም፤ እሱን የያዝነው ለዕቃ ማድረሻው ነው።

የቤታችንን ሁኔታ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ምክር መስጠት አይቻልም። ልጆቹ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ሳያይ አይውልም። እኔ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ክፍል ካየሁ ይበቃኛል። እናቴ አብራን ትኖራለች፤ እንግሊዝኛ አትሰማም። ቀኑን ሙሉ የምታየው የአማርኛ ድራማ፣ መዝሙርና ዜና ነው፤ እሱም ከዩቲዩብ። ቴሌቪዥኑን ከሁላችንም ይበልጥ የምትጠቀመው እናቴ ሆና ሳለች፣ ከምንከፍልባቸው ከአራቱ አንዱንም ከፍታ አታውቅም። ይህ ነገር ከገንዘቡ በላይ አሳዝኖኛል።

ደግሞም ለገና አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ አንድ ወር ያህል እንቆያለን። እዚያ የሚሠራው የትኛው ነው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

ተራ በተራ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)
ኅዳር 6 ቀን 2018

እህቴ፣ ከአራቱ አንዱን ለዘለቄታው መምረጥ አያስፈልግዎትም። እነዚህ አገልግሎቶች እንደ ድሮው የኬብል ቴሌቪዥን የሁለት ዓመት ውል አያስፈርሙም፤ የሚሸጡት ወር በወር ነው። እኛ ቤት ደንቡ በአንድ ጊዜ ለአዋቂ አንድ፣ ለልጆች አንድ የሚል ነው። የአዋቂዎቹ እንደ ዕቁብ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ። አንድ ወር ኔትፍሊክስ ከሆነ በሚቀጥለው ኤችቢኦ ማክስ ይሆናል፤ የጀመርነው ድራማ ሲያልቅ እንሰርዘዋለን፤ አዲሱ ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ተለቅቆ ሲያበቃ እንመለሳለን። በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚለቀቅ ድራማ ለመከታተል ሁለትና ሦስት ወር ከመክፈል፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ በአንድ ወር ማየት ይሻላል።

ኔትፍሊክስን ቢሰርዙትም የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ ይሠራል። ያዩት ዝርዝርም ለወራት ተቀምጦ ስለሚቆይ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ በተመዘገቡበት ዕለት ወዲያው መሰረዝ ይቻላል፤ እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የተመዘገቡት በስልኩ የመተግበሪያ መደብር በኩል ከሆነ የሚሰረዘውም እዚያው መደብሩ ውስጥ ገብተው ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። ይህን ሳያውቁ ለወራት የከፈሉ ዘመዶች አሉኝ።

ዲዝኒ ፕላስንና ኤችቢኦ ማክስን ለየብቻ መክፈልዎ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም። ለሁለቱ 37.48 ዶላር እየከፈሉ ነው። ሁለቱን «ሁሉ» ከተባለው አገልግሎት ጋር አጣምሮ የሚሸጥ ጥቅል አለ፤ ማስታወቂያ የሌለው 32.99፣ ማስታወቂያ ያለው 19.99 ነው።

ዓይነ ሩቅ (ሲያትል)
ኅዳር 6 ቀን 2018

የተራው ሐሳብ መልካም ነው፤ ግን ሁላችሁም እናትየዋን ረስታችኋል። በአንድ ቤት ውስጥ ገንዘብ መውጣት ያለበት ሰዓቱ በሚያልፍበት ቦታ ነው። እመ ናሆም፣ እናትዎ ቀኑን ሙሉ ዩቲዩብ የሚያዩ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያም እያዩ ነው፤ ያውም በማይሰሙት ቋንቋ። መጀመሪያ ሊከፈልበት የሚገባው ዩቲዩብ ፕሪሚየም ነው። ለአንድ ሰው በወር 13.99 ዶላር፣ ለቤተሰብ 22.99።

በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፕሪሚየም ላይት የሚባል የ7.99 ዶላር ጥቅል እዚህ አሜሪካ ተጀምሯል። በአብዛኞቹ ቪዲዮዎች ላይ ማስታወቂያ ያስቀራል፤ በሙዚቃ ላይ ግን አያስቀርም። እናትዎ ድራማና ዜና ብቻ የሚያዩ ቢሆን ላይት ይበቃቸው ነበር። መዝሙር ካለበት ግን ሙሉውን ይውሰዱ።

ሌላም ጥቅም አለው። ከፕሪሚየም ክፍያ ከፊሉ በታየው ሰዓት ልክ ለቪዲዮው ባለቤቶች ይከፋፈላል። እናትዎ የሚወዱትን ድራማ የሚሠሩ ሰዎች ከዚያ ገንዘብ ድርሻ ይደርሳቸዋል። ለትልልቆቹ ድርጅቶች በምንከፍለው 66 ዶላር ውስጥ ለአማርኛ ሥራ የሚደርሰው ምን ያህል ነው ብላችሁ አስቡት።

እመ ናሆም
ኅዳር 7 ቀን 2018

ዓይነ ሩቅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ ነው፤ መዝሙሩ መካከል ላይ ተቆርጦ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ሲገባ እናቴ ሪሞቱን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች፤ እስኪያልቅ ድረስ አትመለከትም። ባለቤቴ ግን «ለነጻ ነገር እንዴት ይከፈላል?» ይላል። የአንዱ ሰው ጥቅል ቴሌቪዥኑ ላይ ይሠራል? ወይስ የቤተሰቡን መግዛት አለብን?

ዓይነ ሩቅ
ኅዳር 7 ቀን 2018

ይሠራል። ፕሪሚየሙ የሚታሰረው ከአካውንቱ ጋር ነው። በእናትዎ ስም አንድ አካውንት ከፍተው ቴሌቪዥኑ ላይ በእሱ ይግቡ። ስልካቸውም ላይ በዚያው አካውንት ከገቡ፣ ስክሪኑ ጠፍቶም ስብከቱና መዝሙሩ ይቀጥላል፤ ወጥ ቤት ቆመው እንኳ ማዳመጥ ይችላሉ። የልጆቹ ምርጫ ከእሳቸው ጋር እንዳይደባለቅም የተለየ አካውንት ጠቃሚ ነው። ልጆች አንድ ቀን ከነኩት በማግስቱ ለእናትዎ የሚቀርብላቸው ዝርዝር ሁሉ የካርቱን ይሆናል።

ዘጠና ደቂቃ (ዳላስ)
ኅዳር 7 ቀን 2018

ስለ እግር ኳሱ እኔ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ የፕሪሚየር ሊጉ መብት እስከ 2027/28 የውድድር ዘመን የኤንቢሲ ነው፤ ፒኮክም የእሱ ነው። ስለዚህ ፒኮክን መሰረዝ አይታሰብም። ነገር ግን ባለቤትዎ አንድ ነገር ይወቁ፤ ፒኮክ ሁሉንም ጨዋታ በቀጥታ አያሳይም። ከፊሉ ዩኤስኤ ኔትወርክ በተባለው የኬብል ጣቢያ ላይ ነው የሚተላለፈው፤ እነዚያን ፒኮክ ላይ የምናገኛቸው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። ጥቂቶቹ ደግሞ በራሱ በኤንቢሲ ይታያሉ፤ እሱን በአንቴና በነጻ ማየት ይቻላል።

የአንቴናውን ነገር ብዙ ሰው ንቆታል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ቀጭን አንቴና ኤንቢሲን፣ ኤቢሲን፣ ሲቢኤስንና ፎክስን ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያመጣል። በመጪው ክረምት የዓለም ዋንጫ እዚሁ አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ነው፤ ከሰኔ 11 እስከ ሐምሌ 19 ቀን 2026 በእነሱ አቆጣጠር። በእንግሊዝኛ የሚያስተላልፈው ፎክስ ነው። በዋናው የፎክስ ጣቢያ ለሚታዩት ጨዋታዎች አንድ ዶላር አትክፈሉ።

የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ከፈለጉ እሱ ፓራማውንት ፕላስ ላይ ነው፤ ርካሹ ጥቅል እስከ ጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ 7.99 ዶላር ነው። ተራ በተራ ያሉት ደንብ ለእግር ኳስም ይሠራል። ሊጉ ግንቦት ላይ ያበቃል፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀምራል። ሰኔና ሐምሌ ለፒኮክ መክፈል ለባዶ ሜዳ ትኬት መቁረጥ ነው።

ሰገነት (ዴንቨር)
ኅዳር 8 ቀን 2018

ይህን ሁሉ ከምታሰሉ እኔ ያለኝን ልንገራችሁ። በኢንተርኔት የሚሠራ አንድ ሳጥን ገዝቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቻለሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት እከፍላለሁ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች፣ የዓረብ፣ የእንግሊዝ ኳስ፣ አዲስ ፊልም፣ ሁሉም አለ። ሠርቶ አዳሪ ሰው በወር 66 ዶላር ለፊልም የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ትልልቆቹ ድርጅቶች በየዓመቱ ዋጋ የሚጨምሩት እኛ ዝም ስለምንል ነው።

ባለ ካሜራ (አዲስ አበባ)
ኅዳር 8 ቀን 2018

ሰገነት ወንድሜ፣ ስለ ዋጋው መናደድህ ይገባኛል፤ መፍትሔህ ግን እኛን ነው የሚገድለን። እኔ በፊልም ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። የአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረን ተስፋ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም ለዩቲዩብ ቻናል የምንሸጠው መብት ነው። ፊልሙ በአንተ ሳጥን ውስጥ ቀድሞ ከገባ ያንን መብት የሚገዛ ሰው አይገኝም። በቪሲዲ ዘመን ይህንኑ አይተናል፤ ፊልሙ ተመርቆ ሳይሰነብት ኮፒው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ስንት ጥሩ አዘጋጅ በዚያ ዘመን ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሙያውን ተወ።

አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት። አዋጁ ግን ዴንቨር ያለ ሳጥን ላይ አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው የተመልካቹ ሕሊና ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊልም በአዘጋጁ የራሱ ቻናል ላይ እስኪወጣ ጠብቀህ ብታየው፣ ምንም ሳትከፍል እንኳ ጠቅመኸናል።

ሰገነት
ኅዳር 8 ቀን 2018

ባለ ካሜራ፣ የአገሬን ሰው ሥራ መስረቅ አልፈልግም። ግን አንተም ልብ በልልኝ፤ ብዙ ጊዜ ከፍዬ ላየው የፈለግሁትን የአማርኛ ፊልም እዚህ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። ሲኒማ ቤት ታይቶ ካበቃ በኋላ የት እንደገባ አይታወቅም። ባለሙያዎቹም መግዣውን አዘጋጁልን። የትልልቆቹን ዋጋ በተመለከተ ግን አቋሜን አልለውጥም።

ሽቦና ሞገድ (ሚኒያፖሊስ)
ኅዳር 8 ቀን 2018

ስለ ሳጥኑ የሕጉን ነገር ተናግራችኋል፤ እኔ ከቴክኒኩ በኩል ልጨምር፤ ሥራዬ ነውና።

በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ኤፍቢአይ ርካሽ የአንድሮይድ ቴሌቪዥን ሳጥኖችን በተመለከተ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ባድቦክስ 2.0 የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር አንዳንዶቹ ላይ ገና ከመሸጣቸው በፊት ተጭኖ ይገኛል፤ ሌሎቹ ላይ ደግሞ ከማይታወቅ መደብር መተግበሪያ ሲጫን አብሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ወንጀለኞች የእናንተን የቤት ኢንተርኔት መሸጋገሪያ አድርገው ይጠቀሙበታል። ባንካችሁን የምትከፍቱበት ዋይፋይ መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛው ጉዳይ የምስሉ ጥራት ነው። ኔትፍሊክስን የመሰሉ አገልግሎቶች ፊልሙን የሚልኩት ተቆልፎ ነው፤ በአንድሮይድ መሣሪያዎች ላይ የቁልፉ ስም ዋይድቫይን ይባላል፤ ደረጃም አለው። ደረጃ 1 ያለው መሣሪያ ጥርት ያለውን ምስል ይከፍታል። ደረጃ 3 ብቻ ያለው ርካሽ ሳጥን ወይም ስልክ የቱንም ያህል ብትከፍሉለት ደብዛዛውን ነው የሚያገኘው። አንድ ጎረቤቴ 24.99 ዶላር የሚያስወጣውን ከፍተኛ ጥቅል ገዝቶ ምስሉ ለምን እንደደበዘዘ ሲጠይቀኝ ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ትልቁ ጥቅል የሚጠቅመው አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያይበት፣ 4ኬ ቴሌቪዥን ያለበትና ኢንተርኔቱ ቢያንስ በሰከንድ 15 ሜጋቢት የሚደርስበት ቤት ነው።

እመ ናሆም፣ ስለ ልጆቹ አንድ ነገር ልንገርዎት። ኔትፍሊክስም ሆነ ዲዝኒ ፕላስ ማስታወቂያ ባለው ጥቅል ውስጥ እንኳ በልጆች ፕሮፋይል ላይ ማስታወቂያ አያሳዩም። ስለዚህ ለልጆች ብለው 18.99 መክፈል የለብዎትም፤ ማስታወቂያ ያለው ዲዝኒ ፕላስ 11.99 ነው። ፕሮፋይሉን በትክክል የልጅ አድርገው ይክፈቱት እንጂ በራስዎ ፕሮፋይል አይክፈቱላቸው።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)
ኅዳር 9 ቀን 2018

እመ ናሆም የጻፉት፦ «እዚያ የሚሠራው የትኛው ነው?»

ለአገር ቤቱ ጥያቄ እኔ ልመልስ። ኔትፍሊክስ ከጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይከፈታል። ዲዝኒ ፕላስ፣ ኤችቢኦ ማክስና ፒኮክ እዚህ አገልግሎት አይሰጡም። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ሦስቱን ይሰርዟቸው። ኔትፍሊክስም ቢሆን የሚያሳይዎት ዝርዝር ከቨርጂኒያው ይለያል፤ የፊልም መብት የሚሸጠው በየአገሩ ነውና ጀምረው የነበረው ድራማ ላያገኙት ይችላሉ። ልጆቹ የሚወዱትን ከመነሳታችሁ በፊት አውርዱላቸው፤ ለአውሮፕላኑም ይጠቅማል። ማስታወቂያ ያለው የዲዝኒ ፕላስ ጥቅል ግን ማውረድ እንደማይፈቅድ ልብ ይበሉ። ኔትፍሊክስ ይፈቅዳል።

እዚህ ዋናው ወጪ አገልግሎቱ ሳይሆን ዳታው ነው። ኔትፍሊክስ በጥርት ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። ስልክ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የዳታ ቁጠባውን ሲመርጡ ግን በ1 ጊጋባይት ወደ 6 ሰዓት ያህል ያያሉ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። እኛ ያለ እሱ አንከፍተውም።

ለዳያስፖራው ቀላል የሆነው ክፍያ ለእኛ ከባድ ነው። የብር ካርድ ለውጭ አገልግሎት አይከፍልም፤ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያለው ሰው ብቻ ነው ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንክ የሚያገኘው። ሌላው ወይ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስቸግራል፣ ወይ በማኅበራዊ መገናኛ ከሚሸጡ ሰዎች የጋራ አካውንት ይገዛል። እኔም ከአንዱ ሻጭ ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላ የይለፍ ቃሉ ተቀየረብኝ። ኔትፍሊክስ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አንድ አካውንት በአንድ ቤት ብቻ እንዲሠራ ስለሚያስገድድ እንዲህ ዓይነቱ ንግድ መሠረት የለውም። የምንዛሪው ነገርም አለ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 10 ዶላር ከ600 ብር በታች ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ደመወዝ በዚያ ልክ አላደገም። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለኔትፍሊክስ ሲከፍል የሚቀንሰው ከቤቱ አስቤዛ ነው።

እናትዎ ግን እዚህ ሲመጡ ምንም አይቸገሩም። ዲሽ ያለበት ቤት ሁሉ የአማርኛ ጣቢያዎች ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይገባሉ። ባለቤትዎም ኳሱን ከጓደኞቻቸው ጋር ዲኤስቲቪ ቤት ገብተው ይመልከቱ፤ ሶፋ ላይ ብቻቸውን ሆነው ከሚያዩት እጅግ ይሞቃል።

የሰው አገር (ዱባይ)
ኅዳር 9 ቀን 2018

እኔ የምሠራው በሰው ቤት ነው። እዚህ እንደ እኔ ያሉ ብዙ እህቶች አሉ፤ የእኛ ቴሌቪዥን ስልካችን ነው። ማታ በቤቱ ዋይፋይ ክፍሎቹን አወርድና በዕረፍት ቀኔ አያለሁ። ለምታወርዱ ሁሉ የምለው፣ አንዳንዱ የኔትፍሊክስ ፊልም አንዴ ማየት ከጀመራችሁት በ48 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ ለመጨረስ ጊዜ ሲኖራችሁ ብቻ ጀምሩት። በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የሚያቀርብ ትልቅ አገልግሎት ቢኖር ግን ያለ ማመንታት እከፍል ነበር። ቋንቋውን ሳይረዱ ምስሉን ብቻ እያዩ የሚያመሹ ስንት እህቶች አሉ።

እመ ናሆም
ኅዳር 11 ቀን 2018

የሰው አገር እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ባለ ካሜራም የጻፉትን ለባለቤቴ አንብቤለታለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን የወሰንነው ይህ ነው። ለእናቴ ሙሉው ዩቲዩብ ፕሪሚየም 13.99። ለልጆቹ ማስታወቂያ ያለው ዲዝኒ ፕላስ 11.99። ለኳሱ ፒኮክ 10.99። ለእኔ ማስታወቂያ ያለው ኔትፍሊክስ 7.99፤ የጀመርኩትን ስጨርስ በኤችቢኦ ማክስ ይተካል። በጠቅላላው 44.96 ሆነ፤ ከበፊቱ 21.50 ቀንሷል፤ እናቴም ድርሻዋን አገኘች። ታኅሣሥ ላይ ከመሄዳችን በፊት ዲዝኒና ፒኮክ ይቆማሉ። አንቴናውን ባለቤቴ ዛሬውኑ ሊገዛ ወጥቷል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ትልቁ ልጄ ስለ እንስሳትና ስለ ሕዋ የሚተርኩ ዘጋቢ ፊልሞች ይወዳል። ለእሱ ሌላ አገልግሎት መጨመር አለብኝ?

ተራ በተራ
ኅዳር 11 ቀን 2018

ምንም አይጨምሩ። በሰፈርዎ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያውጡለት። ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው ካኖፒ ወይም ሁፕላ የተባለውን የፊልም አገልግሎት በነጻ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም። በየወሩ የሚታየው መጠን ገደብ አለው፤ ማስታወቂያ ግን የለውም። ካኖፒ ለልጆች የተለየ ክፍል አለው፤ ዘጋቢ ፊልሞችም በብዛት ይገኙበታል። መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ ከፍተው የትኛውን እንደሚሰጡ ይመልከቱ። ካርዱን ለማውጣት ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ አድራሻዎን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁዎታል። ከዚያ የካርዱን ቁጥርና የሚስጥር ቁጥሩን መተግበሪያው ላይ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው።